ያላየሁት አልገባም

የአያ ጥላዬን መሞት የሰማሁት ጫጫ ገበያ ላይ፣ በአንዲት አሮጌ በቅሎ ዕድሜ ስከራከር ነው። ከአንኮበር የመጣ ነጋዴ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ያ ኮርቻ ሠሪው፣ የታች ሰፈሩ ጥላዬ፣ ዐረፈ እኮ» አለኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት ከአፌ ያመለጠው «ማን ፈረደበት?» የሚል ነበር። ሰውዬው በቅሎዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከሁለታችን ለሽያጭ የቀረበው የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቶት ሄደ።

አያ ጥላዬን የሚያውቅ ግን በጥያቄዬ አይገረምም። ያ ሰው በዕድሜው አንድም ቀን «ተሸነፍን» ብሎ አያውቅም። «ተፈረደብን» ነው የሚለው።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ወደ እንጦጦ ማዘውተር በጀመሩበት፣ ከብቱም በክፉ ቀን ሳያልቅ በፊት በነበረው ጊዜ ነው። አንኮበር ያኔም ዳገት ነበረች፣ ዛሬም ዳገት ናት። ከላይ፣ ከግቢው አጥር ሥር የሚኖሩት የጠጅ ቤትና የእልፍኝ ሰዎች ላዮች ይባላሉ። ከታች፣ ከጅረቱ ዳር የምንኖረው ገበሬውና ሸማኔው ታቾች እንባላለን። እኔ ገበሬም ሸማኔም አልነበርኩም። አባቴ ለቅስና አስቦኝ ድቁና አስጀምሮኝ ነበር፤ ዜማው እምቢ ስላለኝ መምህሬ «ልጄ፣ አንተ ዝም ስትል ነው ደስ የሚለው» ብለው ወደ ቤቴ መለሱኝ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት የተረፈኝ ይህን የምጽፍበት ፊደልና አያ ጥላዬ ያወጣልኝ «ደብተራው» የሚል የፌዝ ስም ብቻ ነው።

የገና ዕለት ሁለቱ ሰፈር ከገበያው በታች ባለው ሜዳ እንገናኛለን። ጨዋታው ቀላል ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ የገና ዱላ ትይዝና ከወይራ ሥር የተጠረበችውን ሩር ትመታለህ። ሩሯ በላይ በኩል ያለው ቦይ ከገባች ታቾች ረቱ፤ በታች በኩል ያለውን የድንጋይ ካብ ከዘለለች ላዮች ረቱ። ሜዳው ታዲያ ተዳፋት ነው። ሩሯን ማንም ሳይነካት ብትተዋት እንኳ እየተንከባለለች መጥታ የእኛን ካብ ትሳለማለች። «አንድ ዓመት እንኳ ቦታ እንለዋወጥ» ስንል ላዮች፣ «ታች ሰፈር ስሙ ታች ነው፤ እግዜር ያስቀመጠውን ማን ያዛውረዋል?» ይሉናል።

አያ ጥላዬ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰውን የሚያይ ሰው ነበር። የኮርቻ እንጨት ይጥመም ይቅና የሚለየው እንዲያ እያየ ስለሆነ፣ ልማድ ሆኖበት ንፍሮውንም፣ ቄሱንም፣ ሚስቱን እትዬ በለጡንም በአንድ ዓይኑ ነው የሚመለከተው። በተሸነፍን ቁጥር፣ ይቅርታ፣ በተፈረደብን ቁጥር፣ ከሜዳው አንድ ቁንጥር አፈር ያነሣና መዳፉ ላይ አድርጎ እፍ ይላል። አፈሩ ወደ ታች ከበነነ፣ «አያችሁ? ነፋሱም የላዮች ወገን ነው» ይላል። ወደ ላይ ከበነነ ደግሞ፣ «አያችሁ? አፈሩ እንኳ ወዴት እንደሚጠጋ ያውቃል።»

ዳኛው ባላምባራሱ ነበሩ፤ የላይ ሰፈር ሰው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠጅ ይወዳሉ እንጂ። በማዕረጋቸው ልማድ ደግሞ ዋንጫ ባነሡ ቁጥር፣ ሲጠጡ ያየ ሰው በዓይኑ እንዳይበላቸው፣ አሽከራቸው ኩታ ዘርግቶ ይከልላቸዋል። ኩታው ሲዘረጋ ማንም እርሳቸውን አያይም። እርሳቸውም ማንንም አያዩም። ጨዋታው በኩታው ፊት እንደ ቀጠለ ነው።

ወሬውን ለአገሩ የሚያደርሰው አዝማሪው ላቀው ነበር። ነጋሪት የሚጎሰመው ለአዋጅ ነው፤ ገናን ማን እንደ ረታ፣ ማን እንደ ወደቀ፣ ማን እንደ ሸሸ ግን አገሩ የሚሰማው ከላቀው ማሲንቆ ነው። ላቀው የሚበላው ከላይ ሰፈር ስለሆነ ማሲንቆውም ከላይ ሰፈር ይጮኻል። አያ ጥላዬ ይህን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ «ዳኛው የሚበድለን አንድ ቀን ነው፣ ደብተራው። አዝማሪው ግን ዓመት ሙሉ ይበድለናል። ይባስ ብሎ ልጆቻችን ግጥሙን ወድደውት ይዘፍኑታል።»

እንግዲህ ያን የተረገመ ቀን ልናገር። ጀንበር ማዘቅዘቅ ጀምራለች፤ ማንም አልረታም። እኔ እንደ ልማዴ ከጨዋታው ራቅ ብዬ፣ ሩሯ የማትደርስበት ቦታ መርጬ በጀግንነት ቆሜአለሁ። ለካ እሷም ሰው የሌለበት ቦታ ኖሯል የምትፈልገው፤ ተወርውራ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ቦዩ ከፊቴ ነው። ከኋላዬ አያ ጥላዬ፣ «ምታት፣ ደብተራው! ስለ እመቤቴ ምታት!» እያለ ይጮኻል። ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ። ያው በሕይወቴ አንዴ ነው ያገባሁት፣ እሱንም አላየሁትም፤ ምክንያቱም በራሴ ምት ተሽከርክሬ ከቦዩ ዳር ሳማ ውስጥ በግንባሬ ተደፍቼአለሁ።

ከሳማው ፊቴ አብጦ ስወጣ ታቾች ይጨፍራሉ፣ ላዮች ይሳደባሉ። ሩሯ ከቦዩ ውጭ ሣር ላይ ቁጭ ብላለች። ከላዮች አንዱ በዱላው ቆልማማ ጫፍ ስቦ አውጥቷታል ይላሉ የእኛ ሰዎች። አያ ጥላዬ ሩሯን አንሥቶ ወደ ዳኛው ሮጠ። ባላምባራሱ ኩታ ውስጥ ናቸው። ቆመን ጠበቅን። ኩታው ወረደ፤ ጢማቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ ሩሯ ገብታለች!» አለ አያ ጥላዬ።

«አላየሁም።»

«ኩታው ውስጥ ስለነበሩ ነው!»

«እኮ። ያላየሁት አልገባም።»

«ይኸው እርጥብ ናት፣ ይዳስሷት!»

በጣታቸው ጫፍ ዳሰሷት። «ጤዛ ነው» አሉ። ያኔ ሰዓቱ ወደ ማታ ነው፤ ጤዛ የሚባል ነገር በአገሩ የለም። ላዮች ግን ሁሉም ባንድ አፍ «ጤዛ ነው!» አሉ። ወዲያው ሩሯ ወደ ሜዳ ተመለሰች፣ ተዳፋቱን ይዛ ወረደች፣ ካባችንን ዘለለች፣ ተፈረደብን።

ላቀውም ማታውኑ ማሲንቆውን ቃኘ፦

«የታች ሰፈር ጎበዝ ጉልበቱ ጎመን ወይ፣
ሩሯ እንኳ ሳትገባ መቺው ገባ ከቦይ።»

መቺው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ እኔም እንዳይሰማብኝ ቀስ ብዬ አንጎራጉሬዋለሁ። አያ ጥላዬ ግን ንዴቱ እንቅልፍ ነሳው። የፈለገው ድሉን አልነበረም። «ገብታለች» የምትል አንዲት ቃል ከላቀው አፍ እንድትወጣ ነው የፈለገው። «ላቀው ከባላምባራሱ አጠገብ ነበር የቆመው» አለኝ። «እሱ ኩታ ውስጥ አልነበረም። አይቷታል። አየኋት ይበል፣ ሌላ አልፈልግም።»

በማግስቱ ገበያ መሃል ላቀውን አገኘውና፣ «በንጉሥ አምላክ! ከስሼሃለሁ፣ ዋስ ጥራ!» አለው። ያኔ ሕጉ የታወቀ ነው። የተከሰሰ ሰው ዋስ ካልጠራ የኩታው ጫፍ ከከሳሹ ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ ተቆራኝተው ይሄዳሉ። ላቀው እየሳቀ ወደ ላዮች ዞረ። ትናንት በግጥሙ እንባ እስኪወጣቸው የሳቁት ሁሉ እዚያው ናቸው። አንዱ በቅሎውን ሊያጠጣ ሄደ። ሌላው ሆዱን አመመው። «ለአዝማሪ ማን ዋስ ይሆናል? ዛሬ እዚህ፣ ነገ አረርቲ» ያለም አለ። ላቀው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አያ ጥላዬም እንደ ኮርቻ ጠፍር አጥብቆ ቋጠረው።

በአንኮበር ዳኛው ባላምባራሱ ስለሆኑ ይግባኙ ደብረ ብርሃን፣ ወንበሮቹ በሚባሉት ዳኞች ፊት ነው። እኔ በምስክርነት ተከተልኩ። ጎረቤላን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ሁለቱ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ይንገዳገዳል፣ አንዱ ወደ ጫካ ዞር ማለት ሲያሻው ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። አያ ጥላዬ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ይጠይቃል።

«አይተሃታል?»

«ጌታዬ ያላዩትን እኔ እንዴት አያለሁ?»

«ዓይንህ የማን ነው?»

«ዓይኔማ የኔ ነው፣ አያ ጥላዬ። አፌ ነው ላይ ሰፈር የሚያድረው።»

ሲመሽብን አንዲት ገበሬ ቤት የእግዜር እንግዳ ብለን ገባን። ሴትዮዋ ቋጠሮውን አይታ፣ «ባለዕዳ ነው ወይስ ሌባ?» አለች። «ገጣሚ ነው» አላት አያ ጥላዬ። «ውይ፣ ምስኪን!» አለች፤ ለማን እንዳዘነች አልነገረችንም። ራት ቀረበ። የላቀው ቀኝ እጅ በቋጠሮው በኩል ስለሆነ ወደ ገበታው በዘረጋ ቁጥር አያ ጥላዬን ይጎትተዋል። በመጨረሻ አያ ጥላዬ ሳያስበው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰው። ወዲያው ምን እንዳደረገ ገባውና ደነገጠ። «ደብተራው፣ ምስክር ሁነኝ!» አለ። «ይህ ጉርሻ ለፍርዱ አይቆጠርም! ገዛው እንዳይሉኝ!» ላቀው አፉ ሞልቶ መመለስ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛውን ጉርሻ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

ደብረ ብርሃን በውርጯ ተቀበለችን። ወንበሮቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ቡርኖስ ደርበው ከፀሐይዋ ፊት ተቀምጠዋል። አያ ጥላዬ ኩታውን አደግድጎ፣ ማለት የራሱን ግማሽና የላቀውን ሩብ አደግድጎ፣ ዱላውን ወዘወዘ።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ» አለ ላቀው።

«ሩሯ ቦይ ገብታ ሳለ አልገባችም ብለህ፣ የሰፈሬን ስም ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት አዙረሃልና ተጠየቅ!»

«እኔ የዘፈንኩት ዳኛ የፈረደውን ነው። ዳኛ ያልፈረደውን ብዘፍን ነበር የምጠየቀው!»

የመሃሉ ሽማግሌ ምስክር ጠየቁ። አያ ጥላዬ በኩራት ወደኔ ጠቆመ። «መቺው ራሱ ይኸው!»

«ስትገባ አየህ?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«የት ሆነህ ነው?»

«ሳማ ውስጥ።»

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

«ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።»

«የተንቦጫረቀው በሩሯ ነው ወይስ ባንተ?»

«በራሴ ላይ አልመሰክርም፣ ጌታዬ።»

ወንበሩም፣ ባለጉዳዩም፣ ዳር የቆመው ባልደራስም ሳቀ። አያ ጥላዬ ብቻ አልሳቀም። የመጨረሻ ማስረጃውን አወጣ፤ እርጥበቷ እንዳይጠፋ ብሎ በጎመን ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣት ሩር። ገለጣት። እንደ አጥንት ደርቃለች። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አያት፤ ከዚያ ሌላውን ጨፍኖ አያት። እኔ ያኔ ነው ሳቄ የጠፋኝ።

ሽማግሌውም አይተውት ኖሮ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ጥላዬ» አሉ፣ «ክስህ ዳኛው አያይም ነው። እንግዲያው የሚመጣው ገና ዳኛው አንተ ነህ። አንተ የምታይ፣ እሱም አንተ የፈረድከውን የሚዘፍን ይሁን። ፍቷቸው።» ቋጠሮው ግን በመንገድ ጠብቆ፣ በውርጭ ደርቆ አልፈታ አለ። በቢላ ተቆረጠ። ላቀው ጫፍ የሌለው ኩታ ለብሶ፣ አያ ጥላዬ ቋጠሮውን ይዞ ተመለሱ።

ዓመቱን ሙሉ ታች ሰፈር በደስታ ሰከረ። ዳኛው የኛ ነው! የገና ዕለት አያ ጥላዬ በባላምባራሱ ወንበር ተቀመጠ። ዋንጫ ቀረበለት፤ አሽከሩም ኩታውን ሊዘረጋ ተነሣ። «ውሰደው!» አለ አያ ጥላዬ። ጠጅ አልቀመሰም፣ ውሃም አልቀመሰም፣ ዓይኑም የሚርገበገብ አይመስልም። ነፋሱ እንባውን ያወርደዋል፤ እሱ ፍጥጥ ብሎ ያያል። ባላምባራሱ ዳር ተቀምጠው በኩታቸው ውስጥ ወጣ ገባ ይላሉ፤ ከኃላፊነት ነጻ የሆነ ሰው ምን ያህል እንደሚጠጣ ያን ቀን አየሁ።

አመሻሹ ላይ የኛ ልጆች ሩሯን ዳገቱን አስወጥተው አስወጥተው መቱ። ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ቦዩ አፍ ላይ ደርሳ በአንዲት የሣር ቁጥቋጦ ተያዘች። ወደ ቦዩ አዘንብላለች፤ ትንፋሽ ቢነካት ትገባለች። አያ ጥላዬ ወርዶ በሆዱ ተኛና በአንድ ዓይኑ አያት። አፈር ቆንጥሮ እፍ አላለም፤ ትንፋሹን እንኳ ዋጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«አልገባችም።»

«ምን?» አልን።

«አልገባችም። ቆማለች።»

የታች ሰፈር ሰው የጮኸውን ጩኸት እንጦጦ ያሉት ሳይሰሙት አልቀሩም። «ከዳተኛ!» «ላዮች ምን አበሉህ?» ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዬ ለዜማ አይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለው ይበቃል። «ምነው በበላሁ!» አለ አያ ጥላዬ። «ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም።» ሩሯ ተመለሰች፣ ወረደች፣ ካባችንን ዘለለች። ላቀው በፍርዱ መሠረት መዝፈን ነበረበት፤ የማሲንቆው ጅማት ተበጠሰ ብሎ ዝም አለ። በማግስቱ ጅማቱ ደህና ነበር።

እትዬ በለጡ እንኳ ያን ሰሞን ወጥ ስታወጣለት ጨው ትረሳ ነበር ይባላል። እኔ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። አያ ጥላዬ ኮርቻ እየጠረበ ነው፤ ያ የተቆረጠ ቋጠሮ ከራስጌው ችካል ላይ ተንጠልጥሏል። «ተናደሃል፣ ደብተራው?» አለኝ። «ልክ ነህ። የዘንድሮው ዳኛ ደካማ ነበር። ወንበሩን አይተኸዋል? ወደ ላይ ያጋድላል። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል?» አፈር ቆንጥሮ እፍ አለ። ከልቡ ይሁን ሊያስቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እኔ በበቅሎ ንግድ ወደ ጫጫ ተሻገርኩ፤ ከበቅሎዎቹ ማትረፌን ሳይሆን አለመረገጤን እያመሰገንኩ ኖርኩ። እስኪ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ ስል ሞቱን ሰማሁ። ለተዝካሩ አንኮበር ደረስኩ።

ዳሱ ከጅረቱ ዳር ተጥሏል። ታቾችም ላዮችም ሞልተውታል። ባላምባራሱ አርጅተው፣ ከከፍታው ቦታ ላይ ተቀምጠዋል፤ አሽከሩ ኩታውን ይዞ ከጎናቸው ቆሟል። ላቀው ጫፍ የሌለውን ያንኑ ኩታ ለብሶ ማሲንቆውን እየቃኘ ነው። ስለ ሟች እጅ፣ ስለ ኮርቻው፣ ስለ ቁመቱ አለቀሰ። ዓይኑ ግን ከአሽከሩ አይነቀልም። ባላምባራሱ ዋንጫ አነሡ። ኩታው ተዘረጋ። ላቀው ቀስቱን ሳበ፦

«እኔማ አይቻለሁ፣ ዓይኔ መች ታወረ፣
የጥላዬ ሩር ግን ቦይ ገብታ ነበረ።»

ከዚያ ላዮች ተነሡ። «ተገዝቷል!» «ይህ አዝማሪ ያደላል!» «ታቾች ምን አበሉት?» የሚጮኹት ሁሉ አፋቸው ውስጥ የታቾች ሥጋ ነበር። እኔም ተነሥቼ «ገብታለች!» ልል ነበር፤ ግን ያን ሰዓት አንድ ጅማታም ቁራጭ እያላመጥኩ ስለነበር ታሪኩ እንደገና ያለ እኔ አለፈ።

ኩታው ወረደ። «ምን ተባለ?» አሉ ባላምባራሱ።

ላዮች እርስ በርስ ተያዩ። ማን ይድገመው? በመጨረሻ አንዱ፣ «ምንም፣ ጌታዬ። ነፍስ ይማር ነው የተባለ» አለ።

ባላምባራሱ ላቀውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ያልሰማሁት አልተባለም» አሉና ዋንጫቸውን እንደገና አነሡ። ኩታው ተዘረጋ። ያኔ ነው እንደ ሳማ የለበለበኝ፤ ለካ ኩታ የሚከልለው ዓይን ነው እንጂ ጆሮ አይደለም።

እትዬ በለጡ ማቋን እንደ ለበሰች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አንተ ደብተራው» አለችኝ፣ «እሱ ቢሰማ ምን ይል ነበር?»

ቁራጬን ዋጥኩ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። «‹የእነሱን ዓመት ሙሉ፣ የእኔን አንዴ ብቻ?› ይል ነበር።»

በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ተጣራች።

«አንተ ላቀው! ድገመው።»

ላቀው ወደ ኩታው አየ። ዋንጫው ትንሽ ነው፣ ጠጁም ካለቀ ቆይቷል። ኩታው ግን አልወረደም።

ደገመው።